ያልተሠራው ከፊት ይሰፋል

በዘንድሮው ጳጉሜ ደብተራቸውን በብብታቸው የሸጎጡ ሦስት ሰዎች ሱቄ መጡ። የመጡት ወደ እኔ አልነበረም። የእትዬ ዘይቱናን ቦታ ተዘግቶ ቢያገኙት ጎረቤት እንጠይቅ ብለው ነው። ለሦስቱም ያንኑ ነገርኳቸው፤ እትዬ ዘይቱና በሐምሌ ወር፣ ወራቤ ልጃቸው ዘንድ እንዳሉ ዐረፉ፤ ብዙም አልተኙ፣ በሰላም ነው የሄዱት። የመጀመሪያው፣ አውቶቡስ ተራ ትኬት የሚቆርጥ ጎልማሳ፣ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ደብተሩን አየት አደረገና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሁለተኛዋም እንዲሁ ናት። ሦስተኛው «አላህ ይዘንላቸው» ብሎ ፊቱን በመዳፉ ከጠረገ በኋላ «እንግዲህ ማን ሊቆጣኝ ነው?» ሲል ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ። መርዷቸው ተሰምቶ የሚሳቅላቸው ሰዎች ብዙ አላውቅም።

እትዬ ዘይቱና ደብተር አዳሽ ነበሩ። እንዲህ የሚባል ሥራ መርካቶ ውስጥ መኖሩን ያልሰማ ሰው አይፈረድበትም፤ እኔም ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከእኔ የቁልፍና የዚፕ ሱቅ ቀጥሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ቦታ ነበራቸው። ከማተሚያ ቤቶች የሚተርፈውን ቁራጭ ወረቀት በኪሎ ይገዛሉ፣ በልክ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። ወንበር የላቸውም። የሚቀመጡት እዚያው ወረቀቱ ክምር ላይ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ክምሩ ከፍ ስለሚል እግራቸው መሬት አይነካም ነበር። ጳጉሜ ገብቶ ሥራው ሲጧጧፍ፣ ወረቀቱ እየተመዘዘ ሲሄድ፣ እሳቸውም አብረው ዝቅ ዝቅ ይላሉ። በዓውዳመቱ ዋዜማ መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ከዙፋኔ ወረድኩ፤ ዓመቱ አለቀ» ይሉናል።

አጭርና ፈጣን ሴት ነበሩ። መርፌያቸውን የሚሰኩት ሻሻቸው ጠርዝ ላይ፣ ከግራ ጆሯቸው ከፍ ብሎ ነው። በኢድ ቀን እንኳ ከዚያ አይነሳም። ስለዚህ እንኳን አደረሰዎ ሊላቸው የመጣ ሁሉ በቀኝ በኩል ብቻ ደጋግሞ ይስማቸው ነበር። አዲስ የገባ ነጋዴ ይህን ሳያውቅ በግራ ይመጣና ጉንጩን እየያዘ ይመለሳል። «መርካቶ ነው፤ አይተህ ነው የምትጠጋ» ይሉታል እሳቸው።

ጎረቤት ሆነን ሁለት ዓመት ያህል ከሰላምታ አላለፍንም። በደንብ የተዋወቅነው በእኔ ሞኝነት ነው። በዚያን ጊዜ ስልኬ ላይ እጃቸው የተጣጠበ፣ ጥፍራቸው የተቀባ ሴቶች ደብተር ሲያስጌጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት ለምዶብኝ ነበር። «ቡሌት ጆርናል» ይሉታል። መስመር የለውም፣ ገጹ ሁሉ ነጠብጣብ ነው። የሚሠሩትን በነጥብ ይዘረዝራሉ፣ የሠሩትን ይሰርዛሉ፣ ያልሠሩትን በቀስት ወደሚቀጥለው ወር ያሻግራሉ። ወቅቱ ሲለወጥ ደብተሩንም አብረው ያድሱታል፤ አበባው ሲያብብ ዳር ዳሩን አበባ ይስሉበታል። እኔ ደግሞ የደንበኛ ትእዛዝ በካርቶን ጀርባ ጽፌ ካርቶኑን የምጥል ሰው ነኝ። ይህ ደብተር ቢኖረኝ ሰው እንደምሆን ታየኝ።

ጳጉሜ ሊገባ ሲል ቦሌ ድረስ ሄጄ አየሁት። ዋጋውንም አየሁት። ደብተሩን ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩና ሌላ ነገር እንደምትፈልግ ሴት ዙሪያዬን እያየሁ ወጣሁ። ሰፈሬ ስደርስ ንዴቴ አልበረደልኝም ነበርና ክር በሻማ ሲያሹ ላገኘኋቸው ለእትዬ ዘይቱና ተነፈስኩት።

«ነጥብ?» አሉኝ። «ነጥብ ነው ይኼን ያህል የሚያስከፍለው?»

«ነጥብ ያለበት ወረቀት ነው፣ እትዬ።»

«ነጥብማ ዝንብም በነጻ ታደርጋለች።»

ክሩን አስቀምጠው ከፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዱና ንድፍ የሚያሰምርበትን ባለጥርስ ትንሽ መንኮራኩር ተውሰው መጡ። ካርቦን ወረቀት አነጠፉ፣ ማስመሪያ አጋደሙ፣ መንኮራኩሩን ወደ ታች ሳብ። ነጥብ። አሁንም ሳብ። ነጥብ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ ያየሁት ገጽ መርካቶ ተሠርቶ እጄ ላይ ነበር፤ ከዚያኛው የሚለየው ነጥቦቹ ወደ ግራ ትንሽ ማዘንበላቸው ነው። ለሽፋኑ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ካርቶን ቆረጡ፣ የመጋረጃ ቁራጭ አለበሱት፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፉት። እኔ ከሱቄ አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍና ላስቲክ አመጣሁና መዝጊያ ሠራንለት። የሁለት ሻይ ዋጋ አልፈጀም። እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን ነገር ገዝቼ አላውቅም።

በማግስቱ ወራቱን እያንዳንዳቸውን ከነአበባቸው ስዬ አመጣሁላቸው። እትዬ ዘይቱና ፊደል አያውቁም፤ መቁጠር ግን ማንም አይቀድማቸውም። በምራቅ ባራሱት አውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«አሥራ ሁለት» አሉ። «አሥራ ሦስተኛዋስ?»

ከስልኬ ላይ ስገለብጥ ጳጉሜን ረስቻታለሁ። ያውም በጳጉሜ ተቀምጬ።

«የስልክሽ ሰዎች ጳጉሜን ባያውቁ እሺ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ደብተር የሚታደስባትን ወር ጥለሽ ደብተር ታድሻለሽ?» ብለው ከነሐሴ ኋላ አምስት ጠባብ ቅጠል ሰፉልኝ። ይህን ታሪክ ለመተላለፊያው ሰው ሁሉ ስለነገሩት፣ ለወራት ያህል የሚያልፍ የሚያገድመው «ምሕረት፣ ዘንድሮ ወሩ ስንት ነው?» ይለኝ ነበር።

ያ የመጀመሪያ ደብተሬ ዓመቱን ጨርሶ ለእድሳት ሲመለስ ነው የእሳቸውን ደንብ የተማርኩት። ደብተር ይዞ የመጣን ሰው «ያልሠራኸውን ጫፉን እጠፍ» ይሉታል። ሰውየው ጥግ ላይ ቆሞ ገጾቹን እያገላበጠ ያልፈጸመውን ነገር የጻፈበትን ያጥፋል። እሳቸው የታጠፉትን በምላጭ ቆርጠው ያወጡና ከአዲሱ ደብተር ፊት፣ ከመጀመሪያው ባዶ ገጽ በፊት ይሰፏቸዋል። የተሠራበት ሁሉ ተደራርቦ በሙጫ ይጣበቅና የአዲሱ ደብተር ሽፋን ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ገጽ አጠፍኩ። «ይኼ ሁሉ ካልተሠራ ዓመቱን ምን ስትሠሪበት ከረምሽ?» ብለው ጮኹብኝ። ጥቂቶቹን ልተዋቸው ብላቸው እምቢ አሉ። «ያልተሠራው ከፊት ይሰፋል። ከኋላ ካረግሽው ትረሺዋለሽ፤ ከጣልሽው ይከተልሻል። ከፊት ሲሆን ግን ደብተሩን በከፈትሽ ቁጥር ታፍሪያለሽ። ማፈር ደግሞ ጥሩ ነው።»

ሰው ይህን ሁሉ የሚያሳያቸው እሳቸው ስለማያነቡ ነው። ያልታረቁት ወንድም፣ ያልታዩት ሐኪም፣ ያልተነገረች ፍቅር፣ ሁሉም እዚያ ገጽ ላይ ነው ያለው። ሰዎች ለንስሐ አባታቸው የማይነግሩትን እሳቸው ጉልበት ላይ ዘርግተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዱ ነበር። እሳቸውም ይኮሩበታል። «እኔ ዘንድ ወረቀት እንጂ ወሬ የለም» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ደላላ የሚፎካከረውን ሰው ደብተር አይቶ ሊያነብ አንገቱን ቢያሰግግ፣ መርፌውን ከሻሻቸው መዝዘው አፍንጫው ድረስ አስጠጉለት። የሰው ደብተር በሦስተኛ ሰው አይነበብም፤ ይህ ለእሳቸው ሐራም ነው።

የራሳቸውም ደብተር ነበራቸው። የቡሌት ጆርናሉን ምልክት ሁሉ፣ ነጥቡን፣ ስረዛውን፣ ቀስቱን፣ በትልቅ ኩራት ሳስረዳቸው አዳመጡኝና ከሥራቸው አንድ የተላላጠ ደብተር መዘዙ። ባቄላ ተስሎ ክብ ተከቦበታል፤ ባቄላ መግዛት አለ። ጥርስ ተስሎ ተሰርዟል፤ ጥርሳቸውን አስነቅለዋል። የሰው ጭንቅላት ላይ ጭራ ተቀጥሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ተጎትቷል፤ ሊጠይቁት የሚገባ የታመመ ሰው ነው፣ አልደረሱም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። እኔ ባለፈው ወር ተምሬ ላስተምራቸው ነበር የመጣሁት።

አንድ የጥቅምት ቀን፣ እትዬ ዘይቱና ዙህር ሰግደው ሲመለሱ ወደ ሱቄ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ሲገቡ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ከውጭ ሆነው ነው የሚጮኹብኝ።

«ምሕረት፣ ፊደል አስቆጥሪኝ። ማንም እንዳይሰማ።»

«ለምን ማንም አይሰማም? ደስ የሚል ነገር አይደል እንዴ?»

«ሰው ደብተሩን የሚሰጠኝ ለምንድነው?»

እውነታቸውን ነበር። እንጀራቸው ያለው ባለማንበባቸው ላይ ነው።

ቀጥለው ያወሩልኝ ስለ ባላቸው ነው። ጋሼ ሸምሱ እህል በረንዳ የጆንያ አፍ ሲሰፉ የኖሩ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ከሞቱ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ስለቆጠሩ እሳቸውም ደብተር ነበራቸው፤ እያንዳንዱን ደብተር የሰፉላቸው ሚስታቸው ናቸው። በየጳጉሜው ጫፏን የሚያጥፏት አንዲት ገጽ ነበረች። ሁልጊዜ ያችኑ። እትዬ ዘይቱና ቆርጠው ያወጧታል፣ ከአዲሱ ደብተር ፊት ይሰፏታል፣ ሲያስረክቡም «ኧረ ይኼን ነገር ፈጽመው፤ ወረቀቷ እያለቀች ነው» ይሏቸዋል። ጋሼ ሸምሱ ይስቃሉ።

«አሁን አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። «ወንድ ልጅ በየዓመቱ አስቦ አስቦ የማይፈጽመው፣ ሲጠይቁትም የሚስቅበት ነገር ምንድነው?»

«እኔንጃ።»

«ሁለተኛ ሚስት ናት» አሉ። «ሌላ ምን ይሆናል? ቡታጅራ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለሰልስ ነበር።»

ደብተሩን እኔ ላንብብልዎ ብል እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ቢሆንም አልኩ። ተቆጡም። የሰው ደብተር በሦስተኛ ሰው አይነበብም፤ ደግሞም ነገሩ ያ ከሆነ መርካቶ ከእሳቸው በፊት እንዲሰማው አይፈልጉም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያችን ገጽ የያዘውን ደብተር ትራሳቸው ሥር አስቀምጠው ተኝተዋል። የሞተ ሰው እንዳይቀየሙ ይፈራሉ፤ ሳያውቁም እንዲሁ መቀየሙ ደከማቸው። «በሕይወት ቢኖር ጠይቄው እንጣላ ነበር» አሉኝ። እንዲህ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጊት መስለው ታዩኝ፤ በጣም አዘንኩላቸው።

ትምህርቱ በምሳ ሰዓት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሆነ። ጽሕፈት ማስረጃ ይሆናል ስላሉ በእርሳስ አልጀመርንም። ትሪ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ እየደረደርኩ ፊደሉን እሠራላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በጣታቸው ይከተሉታል። ሰው ብቅ ሲል በክንዳቸው ጠርገው ቁልፉን ወደ ሣጥኑ ይመልሱና «ይኼ ቀለሙ አልወደድኩትም» ይላሉ። የፊደሉ ብዛት አናደዳቸው። «አንዷን ሰባት አርጎ የወለዳት ማነው?» እያሉ ቢያማርሩም አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ሳይመቸኝ ቀርቶ ሱቅ ያልከፈትኩ ዕለት በማግስቱ እንደ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው የተቆጡኝ።

ግንቦት ላይ ማንበብ ያዙ። ከዚያ በኋላ አብሮ መንገድ መሄድ አስቸገረ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን ከመስኮቱ ውጪ ያለውን ሁሉ እየገጣጠሙ ጆሮዬ ውስጥ ያንሾካሹኩታል፤ ጸጉር ቤት፣ የጎማ ጥገና፣ ቤት ይከራያል። አንድ ቀን ወንዶች ሲሸኑበት የኖረውን የመተላለፊያችንን መጨረሻ ግንብ ቆመው አነበቡት። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ይላል። «ለካ ተጽፎ ነው!» አሉኝ ደንግጠው። «እኔ እኮ ተፈቅዶላቸው ይመስለኝ ነበር።» የዚያን ዕለት ሆዴን ይዤ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

የጋሼ ሸምሱንም ደብተር ከኋላ ጀመሩት። ከፊት የተሰፋችውን ያችን ገጽ ፈርተዋታል። «መጀመሪያ የሠራውን ልወቅ፤ ያልሠራውን በኋላ እሰማለሁ» አሉ። ምን እንዳነበቡ አልጠይቅም። አንዳንዴ ራሳቸው ተበሳጭተው ይመጣሉ። «ዝናብ ዘነበ፣ ጥርሴን አመመኝ፣ ዝናብ ዘነበ። ይኼን ለመጻፍ ነው መብራት ሲያስፈጀኝ የኖረው?» የቡታጅራዋ ሴት ግን እስካሁን የለችም አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ደስ ያላቸው መስለው እንዳይታዩ ፊታቸውን አዞሩ።

ጳጉሜ ገባ፣ ጉዱም መጣ። እህል በረንዳ ምስር የሚሸጡት እትዬ ብርቄ፣ የድሮ ደንበኛ፣ ደብተራቸውን ይዘው መጡና እንደ ወትሮው ገጽ አጥፈው ሰጡ። ሻይ ሊጠጡ አልሄዱም፤ ቆመው ያወራሉ። እኔ ደጃፌ ላይ ዚፕ እየቆጠርኩ ነበር። እትዬ ዘይቱና ምላጩን አነሱ፣ ገጿን አቀኑ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አዲስ አንባቢ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማንበብ አይችልም፤ በልብ ማንበብን ላስተምራቸው አላሰብኩም ነበር።

«ዘይቱና» አሉ እትዬ ብርቄ፣ «ከንፈርሽ ምን እያረገ ነው?»

ዱዓ ነው ማለት ይችሉ ነበር። እኔ ብሆን እላለሁ።

«አነበብኩት» አሉ እትዬ ዘይቱና። «ሳላስበው ነው። ዓይኔ ቀደመኝ።»

እትዬ ብርቄ ደብተራቸውን ነጥቀው ሄዱ። ገጿ ምን ትል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እትዬ ዘይቱና ይዘውት ሄደዋል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ዘይቱና ማንበብ ቻለች የሚለው ወሬ መርካቶን አዳረሰ። እስኪመሽ አራት ሰው መጥቶ ያስቀመጠውን ደብተር ወሰደ። በማግስቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘይቱና ገና ከፍ ብለው ክምሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እግራቸው ተንጠልጥሏል። የዓመት ገቢያቸው በዚያች ሳምንት ውስጥ ነው ያለው። እኔ ነኝ ያጠፋሁባቸው ብዬ እህል ከአፌ አልገባ አለ።

«ረሳሁት ይበሏቸው» አልኳቸው። «ዕድሜ ነው፣ ጠፋብኝ ይበሉ።»

«ያወቁትን መርሳት ይቻላል እንዴ? ይልቅ ካርቶን ስጪኝ።»

የዚፕ ካርቶን ሰጠኋቸው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተደፍተው ጻፉ። ሲጨርሱ ሰቀሉት። አንዱ ፊደል ከሌላው ከፍና ዝቅ እያለ እንዲህ ይላል፦ «ማንበብ እችላለሁ። የሰው ደብተር አላነብም። ገልብጬ ነው የምሰፋው።»

የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ አየው። የመጀመሪያዋ ደፋር፣ ማን ትሁን፣ እትዬ ብርቄ ናቸው። ጳጉሜ አራት ጠዋት መጥተው ከተላጠ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ገነጠሉና ዘቅዝቀው ያዙት።

«እስኪ አንብቢ።»

እትዬ ዘይቱና አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበሩ። ወደ ቀኝ ሰበሩ። ግንባራቸው አላበው፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም።

«ወላሂ፣ ተገልብጦ ገና አልደረስኩም» አሉ።

እትዬ ብርቄ እስኪያስላቸው ሳቁና ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡ። «ዘቅዝቀሽ ሥሪ» አሉ፣ «እኔም እዚሁ ቆሜ ከንፈርሽን አያለሁ።» ከእሳቸው ኋላ ሌላው መጣ። ሰዉ ሻይ መጠጣቱን ትቶ ከንፈር ጠባቂ ሆነ፤ መተላለፊያው በሰው ተዘጋ። በእርግጥ ያልተመለሱም አሉ። በዋዜማው እትዬ ዘይቱና መሬት አልደረሱም፤ አንድ ስንዝር ያህል ወረቀት ሥራቸው ቀርቶ ነበር። «ይበቃኛል፤ ለጉልበቴም ይሻላል» አሉ።

ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት ጠሩኝ። «ሱቅሽን ዝጊና ነይ።» የጋሼ ሸምሱ ደብተር ጭናቸው ላይ ነው። ከኋላ እያነበቡ መጥተው ያችን ገጽ ብቻ እንዳስቀሯት ከፊታቸው አወቅሁ። ከዚያ እንደደረሱባትም አወቅሁ።

«አንብቤያታለሁ» አሉ። «ልክ ማንበቤን ግን አላመንኩም። እያት።»

«የሰው ደብተር ነው፣ እትዬ።»

«ስሜ አለበት። ስሜ ካለበት ግማሹ የኔ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጆንያ ላይ ምልክት እንደሚጽፍ ሰው በትልልቁ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። የቀረው ገጽ ባዶ ነው።

«ለዘይቱና ፊደል ማስቆጠር።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። እትዬ ዘይቱና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነበሩ። እኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። የገጿን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ጠርዙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከጎኑ ሌላ ረድፍ፣ ከዚያም ጎን ሌላ።

«ይቺኛዋ የመጀመሪያው ዓመት ናት» አሉ። «ያኔ በጥቁር ክር ነበር የምሰፋ፤ አሻራው ይኸው። እዚህ ጋ ተቀደደች፣ በስስ ወረቀት ደገፍኳት። እዚህም ደገፍኳት። አልቃለች፣ ፈጽመው እያልኩ ስጮህበት እሱ ይስቃል።» ረድፎቹን በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። «ሰባት ጊዜ ነገረኝ፣ ምሕረት። ሰባት ጊዜም በገዛ እጄ ሰፍቼ መለስኩለት።»

«ታዲያ በአፋቸው ለምን አልነገሩዎትም?»

ወደ ደጅ፣ ወደ ሰቀሉት ካርቶን አዩ። «ሰዉ ደብተሩን እንዳይነፍገኝ ፈራልኝ» አሉ። «ይቺን ይፈራ ነበር እንጂ፣ እኔ ሞኟ የቡታጅራዋን ሴት ይዤ...» ሳቅ ቀደማቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ያኔ ነው እንባቸውም የመጣው።

ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ገጿን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ ቀስ ብለው፣ አንዱንም ፊደል ሳይዘሉ ሰረዙት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

«ይኸው፣ ሸምሱ» አሉ። «ተሠርቷል።»